አሥራ ሁለተኛዋ ቃል

ላስ ጋርሳስ፣ ኤል ሳልቫዶር
ኖቬምበር 10 ቀን 2022

ውድ ልጄ ኦቪዲዮ፣

ይህ ደብዳቤ በደህና እጅህ ይግባ፤ አንተንም በደህና ያግኝህ። እኛ ደህና ነን፤ የእኔ ጉልበት ደረጃ ባየ ቁጥር ያጉረመርማል እንጂ ሌላ ክፉ ነገር የለም። የምጽፍልህ በምሳ ሰዓት ነው። ገበያው ጭር ብሏል፤ ሻጮቹ በየመደባቸው ሥር ጋደም ብለዋል። አያትህም የዓሣ ቅርጫቷን ተደግፋ ተኝታለች። እኔ ያንተ በርጩማ ላይ ተቀምጫለሁ። አንድ እግሩ አሁንም አጭር ስለሆነ ጽሕፈቴ ቢንገዳገድ አትፍረድብኝ።

የት እንዳለህ የነገረችኝ አይብና ደብዳቤ ይዛ ድንበር የምትመላለሰው ኒኛ ሊዳ ናት። ባለፈው ሳምንት መጥታ ገና ጓዟን ሳታወርድ፣ «ዶን ላሳሮ፣ ልጅዎን አየሁት!» አለችኝ። «ታፓቹላ ገበያ ውስጥ የሙዝ ሳጥን ከመኪና ሲያወርድ። ስሙን ጠርቼ ጮህኩ፤ አልሰማኝም፤ ወይ መስማት አልፈለገም። ከስቷል፤ ግን ጤነኛ ነው።» እኔ ሰሜን፣ አሜሪካ ደርሰሃል እያልኩ ነበር የማስበው፤ አንተ ለካ ከጓቲማላ ወዲያ ማዶ፣ ሜክሲኮ መግቢያ ላይ ቀርተህ ኖሯል። ለዘጠኝ ወር ስልክህን ስደውል አንዲት ሴት ቁጥሩ አይሠራም ትለኛለች። አሁን ሴትዮዋን ለምጃታለሁ፤ ድምጿን ሳልሰማ የዋልኩ ቀን የሆነ ነገር የጎደለኝ ይመስለኛል።

በሙታን ቀን የእናትህን መቃብር አበባ አለበስነው። ያለ አንተ ይህ የመጀመሪያው ነው። መስቀሉን ሰማያዊ ቀባሁት፤ ቀለሙ ስላልበቃኝ ጀርባውን ትቼዋለሁ፤ እናትህ ሩቢዲያ እንደሆነ እንደዚህ ዓይነት ነገር ታልፍልኝ ነበር። አያትህ የወረቀት አበባውን አንድ በአንድ በጣቷ እየዳሰሰች፣ «ይኼ ቀይ ነው? ይኼስ?» ትለኝ ነበር። ነጩንም ቀይ ነው አልኳት፤ ልጇ ሩቢዲያ ቀይ ትወድ ስለነበር። የዓይኗ ሞራ እንዲያ ሆኗል። ፊቴን ከክንድ ርቀት አታየውም፤ እኔ መሆኔን የምታውቀው በአረማመዴ ነው።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። አንተም የምታውቀውን ነገር ደግሜ የምነግርህ እኔ በምን ዓይን እንዳየሁት ስለማታውቅ ነው። ከዚያም ደግሞ ደክሞኛል፤ ይህን ነገር ብቻዬን ተሸክሜ መዞሩ ሰልችቶኛል።

የሰማያዊ ማዕበል ማኅበር ሰዎች ወደዚህ የባሕር ዳር ሲመጡ እኔ ሠላሳ አራት ዓመት የጠመኔ አቧራ ስተነፍስ የኖርኩ ጡረተኛ አስተማሪ ነበርኩ። ብዙ ኪስ ያለው ሰማያዊ ሰደርያ ሰጡኝ። ሥራዬም ሕዝቡ የዕለት ቲማቲሙን፣ ሳሙናውን፣ የአውቶቡስ ትኬቱን በቢትኮይን እንዲገዛ ማበረታታት ነበር። ለደመወዙ ብቻ ያደረግኩት እንዳይመስልህ። አመንኩበት። የገበያ ሴቶች ሽያጫቸውን በጡት መያዣቸው ደብቀው ወደ ቤት ሲሄዱ መንገድ ላይ እየጠበቁ የሚቀሟቸውን ልጆች ታውቃለህ፤ አንዳንዶቹን ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። ማንም እጁን ሰዶ የማያገኘው ገንዘብ አለ ሲሉኝ፣ እንዴት ደስ እንዳለኝ!

የመጀመሪያውን ትምህርት ታስታውሳለህ? ገዢው አንተ ነበርክ፤ ሻጯ ኒኛ ቤርሳቤ፤ ዕቃው ሦስት ቲማቲም። ገበያው በሙሉ ከቦን ቆመ። ስልክህን ከስልኳ አስጠጋህ። ዝም። ኔትወርኩ ሄደ፤ ተመለሰ፤ እንደገና ሄደ።

«ዶን ላሳሮ፣ ይኼ ገንዘብ በእግሩ ነው እንዴ የሚመጣው?» አለች ቤርሳቤ።

«እየደረሰ ነው፤ ትንሽ ታገሺ።»

«እስኪደርስ ቲማቲሜ ሶስ ሆነ እኮ! ኦቪዲዮ፣ ሳንቲም ከሌለህ እንደ ሰው በዱቤ ውሰድ፤ አባትህን ምን አለፋህ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ስልኳ ጮኸ፤ ገንዘቡ ደረሰ፤ ሳቁም ወደ ጭብጨባ ተለወጠ። አንተም ቲማቲሙን ወደ ላይ አንሥተህ ዋንጫ እንዳገኘ ሰው ዞርክ። ያን ቀን ኮርቼብህ ነበር። መናገር ሲገባኝ አልተናገርኩትም፤ ይኸው አሁን ልንገርህ። የመቀበያ ኮድህንም በትልቅ ወረቀት አሳትሜ፣ ገንዘብ የሚላከው ወደዚህ ዓይነት ቁጥር ነው ብዬ ለማስተማሪያ በቤርሳቤ መደብ ላይ ሰቀልኩት።

ከዚያ በኋላ የአያትህ ተራ ሆነ። ለዓይኗ ሕክምና ዓመታት ያጠራቀመችውን ከብስኩት ቆርቆሮዋ አውጥቼ ስልኳ ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ። «ቆርቆሮው ምን በደለ?» አለችኝ። እኔ ደግሞ ስለ ሌባ፣ ስለ እሳት፣ ስለ አይጥ ረጅም ንግግር አደረግኩላት። ገንዘቡን የሚከፍቱት አሥራ ሁለት ቃላት ናቸው፤ እነሱን በቅደም ተከተል ያወቀ ሰው ከየትም ሆኖ ገንዘቡን መውሰድ ይችላል፤ ስለዚህ ወረቀት ላይ እንዳትጽፊያቸው፣ በልብሽ ያዢያቸው አልኳት። ለሁሉም የምሰጠው ትምህርት እንዲያ ነበር። እሷ እንደሆነ የተጻፈ ነገር ማየት አትችል። አነበብኩላት፤ ደገመችው፤ ሌላ ሰው ምን ሊያደርግ ይችል ነበር? እኔ ግን አያትህ ኒኛ ቱላ ስድሳ ዓመት ሙሉ አንድን ነገር የምታስታውሰው በምን መንገድ እንደሆነ አልጠየቅኩም። ልጅ ሲሸመድድ ቁጭ ብሎ ነው፤ የገበያ ሴት የምትሸመድደው እየጮኸች ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ከአውቶቡስ ስወርድ ድምጿን ሰማሁት። «ደረቅ ዓሣ! ሽሪምፕ! ድልድይ፣ ሎሚ፣ ጉንዳን፣ መስኮት! የዛሬ ሽሪምፕ!»

በዚህ ጉልበቴ ሮጥኩ። «እናቴ! ምን እያደረግሽ ነው?»

«እየሸመደድኩ ነዋ።»

«ይኼ እኮ ምስጢር ነው!»

«ምስጢር ከሆነ ለምን አሥራ ሁለት አደረጋችሁት? አንድ ቢሆን ዝም ብዬ እይዘው ነበር።»

በዚያን ቀን የሕፃናቱ የገመድ ዝላይ ዘፈን ጭምር በእነዚያ ቃላት ሆኖ ነበር። በዚያው ሰዓት ገንዘቡን ወደ ሌላ የስልክ ቦርሳ ማዛወር፣ አዲስ ቃላት መስጠት ነበረብኝ። የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። እኔ ግን ሙቀቱ አድክሞኝ ነበር፤ አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ ነው የመጣሁት፤ ሰኞ አደርገዋለሁ አልኩ። ማን ያውቃል፣ ሰው ሁሉ የልጆች ዘፈን ነው ብሎ ያልፈዋል አልኩ። እሑድ ቦርሳው ባዶ ሆነ። ማክሰኞ አንተ ቤት አልነበርክም።

ያን ሳምንት ገበያው ምን ይመስል እንደነበር አንተ አላየህም። ቃላቱን ያልሰማ ሰው ስለሌለ ያልተጠረጠረ ሰው አልነበረም። ሃያ ዓመት ጨው የተበዳደሩ ሴቶች ቦርሳቸውን ከእግራቸው መሀል ማስቀመጥ ጀመሩ። ፖሊሱ መጥቶ ቃላቱን ከሻጮቹ ሲጽፍ፣ አንዷ ስትሳሳት ሌላዋ ታርማት ነበር። የቤርሳቤን ልጅ ሁለት ቀን ጣቢያ አቆዩት፤ አዲስ ጫማ አድርጎ ስለተገኘ ብቻ።

በሦስተኛው ቀን የአያትህን ስልክ ይዤ ተቀመጥኩ። ለሰው ሁሉ ስሰብክ፣ ይህ ገንዘብ የሄደበትን መንገድ አይረሳም፣ ማንም ሰው ከፍቶ ሊያየው ይችላል እል ነበር። ከፍቼ አየሁት። ገንዘቡ የገባበትን ኮድ ሳየው ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ተነሥቼ ወደ ቤርሳቤ መደብ ሄድኩ፤ የተሰቀለውን ወረቀት ከስልኩ ጋር ፊደል በፊደል አስተያየሁ። ከዚያ ወረቀቱን አውርጄ አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ቤርሳቤ፣ «ምነው?» ስትለኝ፣ አርጅቷል አልኳት።

ያንኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ገበያው መሀል ቆሜ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩ። ቁልፍ ተሳስቼ ተጫንኩ፣ ገንዘቡን ወደማይመለስበት ላክሁት፣ ልጁን ፍቱት አልኩ። ልጁ ተፈታ። እኔም ከዚያን ቀን ጀምሮ «ፕሮፌሶር ቁልፍ» ተባልኩ። ማኅበሩም በኦገስት ሰማያዊ ጃንጥላዎቹን ነቅሎ ሄደ። «በስልክ ይከፈላል» የሚለውን ተለጣፊ ሴቶቹ የጣሪያ ቀዳዳ ደፈኑበት፤ ዝናብ በደንብ ይከላከላል። ሰደርያውን እስካሁን እለብሰዋለሁ፤ ኪሱ ብዙ ስለሆነ ለመድኃኒቶቼ ይመቻል። ቤርሳቤ ቲማቲም ስገዛ፣ «ዛሬስ ወዴት ልከው ሊያጠፉብኝ ነው?» ትለኛለች። ሳንቲም አውጥቼ እሰጣታለሁ። የቢትኮይን ዋጋ በግማሽ ወረደ ሲባል ደግሞ፣ «ሌባም ቢሆን ኖሮ እኮ ይሄኔ ከስሮ ነበር!» አለች። እኔ መሳቅ አልቻልኩም፤ የወሰድከው ገንዘብ ረክሶብህ ታፓቹላ ላይ እንደቀረህ የገባኝ ግን አሁን ኒኛ ሊዳ ስትነግረኝ ነው።

ኮድህ በመደብ ላይ ተሰቅሎ እንደነበር ረስተኸው ነው? ወይስ እንዳውቅ ፈልገህ ነው? ብዙ አስቤበታለሁ። ሁለተኛው ይሻለኛል።

ደግሞ የሚከነክነኝን ልንገርህ። ገንዘቡ ከመጥፋቱ አሥር ቀን በፊት ለመንገድ የሚሆን ገንዘብ ጠይቀኸኝ ነበር። በሰው ፊት፣ «ሃያ ሦስት ዓመትህ ነው፤ የአሮጊት ዓሣ ከመብላት ሌላ ምን ሠርተሃል?» አልኩህ። ሥራ ፍለጋ በሦስት ከተማ እንደዞርክ እያወቅኩ። አንተ ሽሪምፕህን መላጥ ቀጠልክ። በወሰድከው ገንዘብ በጣም አዝኜብሃለሁ፤ ያንን አልሸሽግህም፤ የሴትዮዋ ዓይን ነበር። በተናገርኩት ደግሞ በራሴ አፍራለሁ። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱ ሌላውን አያጠፋልኝም።

የዛሬ ሳምንት ሐሙስ የአያትህ ስልክ ጮኸ። ባዶ ቢሆንም እሑድ እሑድ ቻርጅ አደርገዋለሁ፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ። ከፈትኩት። አሥራ አንድ ዶላር ያህል ቢትኮይን ገብቷል። ላኪው ስም የለውም፤ የመጣበትን መንገድ ግን ኪሴ ውስጥ ካለው ወረቀት ጋር አስተያየሁት፤ ያው ያንተ ኮድ ነው። በዚያ በርጩማ ላይ ብዙ ተቀመጥኩ። አሥራ አንድ ዶላር ስንት የሙዝ ሳጥን እንደሆነ ኒኛ ሊዳን ጠይቄያት ነበር፤ ስትነግረኝ ምነው ባልጠየቅኩ አልኩ።

አያትህ ድምፁን ሰምታ ኖሯል። «ምንድን ነው የጮኸው?»

«ምንም አይደለም እናቴ። ማኅበሩ ስህተቱን እያረመ ይመስለኛል፤ ትንሽ ገንዘብ ልኳል።»

«ላሳሮ፣ ስትዋሽ ጉሮሮህን ትጠርጋለህ። በፌብሩዋሪም ቁልፍ ተሳሳትኩ ስትል ጠርገሃል።»

እሷ ዓሣውን መገልበጧን አላቆመችም።

«እኔ እኮ ገበያ ላይ የጮኽኩት አሥራ አንዱን ነው» አለች። «አሥራ ሁለተኛዋን አንድም ቀን ከአፌ አውጥቻት አላውቅም። ቂል መሰልኩህ? አንድ ሰው ብቻ ነው የጠየቀኝ፤ እዚህ ተቀምጦ ሽሪምፕ እየላጠልኝ። ‹አያቴ፣ የመጨረሻዋ ማን ናት?› አለኝ። ነገርኩት።»

«ለምን ነገርሽው?»

«ጠየቀኝ እኮ።»

«ለምን እንደሚጠይቅሽ አላወቅሽም?»

«አወቅኩም አላወቅኩም፣ አሁን ምን ትሠራበታለህ?»

ልጄ፣ ዘጠኝ ወር ሙሉ እኔ አንተን ከእሷ ስሸሽግ፣ እሷ አንተን ከእኔ ስትሸሽግ ኖረናል። በአንድ ጠረጴዛ እየበላን። ያን ቀን ሁለታችንም ምሳ አልበላንም፤ ግን ዕቃ እንዳወረደ ሰው ቀለል አለኝ። ትንሽም አልቅሻለሁ። እሷ ስላላየችኝ ደስ ብሎኝ ሳለ፣ «ተናፈጥና ና፣ ደንበኛ መጥቷል» አለችኝ።

አሁን የምለምንህን ስማ። ማርች ላይ የበጎ አድራጎት ሐኪሞች ሳን ሳልቫዶር መጥተው የዓይን ሞራ በነፃ ይገፋሉ። ተሰልፌ ስሟን አስመዝግቤአለሁ፤ ለማርች አሥራ አራት ቀጠሮ ተሰጥቷታል። ሐኪሙ አይቷታል፤ ከዚያ በላይ ከቆየ የዓይኗ ብርሃን ላይመለስ ይችላል ብሏል። ስለዚህ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ደግመህ እንዳትልክ፤ ብላበት። ችግሩ ሌላ ነው። አልሄድም ብላለች። ለመንኩ፤ ተቆጣሁ፤ ቄሱን አመጣሁባት። ለቄሱ ምን እንዳለቻቸው ታውቃለህ? «አባቴ፣ ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ የማየው የላሳሮን ሽበት ከሆነ ምን አስቸኮለኝ?» አለቻቸው። ቄሱ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም፤ ቀልድ እንዳልሆነ ስለማውቅ። አንተ ካልመጣህ አትሄድም። እኔ እሷን የማሳምንበት ጉልበት አልቆብኛል፤ ሰው ሳሳምን የኖርኩበት ዕድሜዬ ምን እንዳተረፈልኝ አይተሃል።

ስለዚህ ና። የቤርሳቤ ልጅ አለ፤ ለእሱ ምን እንደምትለው አንተ ታውቃለህ፤ ከፈለግህ አብሬህ እቆማለሁ። ለሌላው ሰው ቁልፍ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ ስሙን ለምጄዋለሁ፤ አይከብደኝም። ስትመጣ ምን እላቸዋለሁ ብለህ አትጨነቅ፤ በርጩማህ ላይ ተቀምጠህ ሽሪምፕ መላጥ ጀምር፤ ይበቃል። ለአውቶቡስ የሚሆን ከኒኛ ሊዳ ጋር ልኬልሃለሁ፤ በወረቀት ገንዘብ ነው፤ ከአይቡ ጨርቅ ውስጥ ተጠቅልሏል። አይቡንም አያትህ ራሷ ናት የመረጠችው፤ አሽትታ።

እናትህ ካለችበት ትጠብቅህ። ድንግል ማርያም መንገድህን ታቅናልህ፤ ክፉ ሰው አያግኝህ፤ ደግ ሰው አይለፍህ። ከወገብህ ጎንበስ ብለህ ሳጥን አታንሣ፤ በጉልበትህ አንሣ፤ እኔን ያየ ይቀጣ።

የሚወድህ አባትህ
ላሳሮ

ደብዳቤውን ዘግቼ ነበር፤ እንደገና ከፈትኩት። አያትህ አሁን ነቃች። ካለፈው ሐሙስ ጀምሮ አዲስ ልማድ አምጥታለች፤ ቀን ሙሉ አሥራ ሁለቱንም ቃላት ትጮኻለች። ድልድይ፣ ሎሚ፣ ጉንዳን፣ መስኮት፣ ደመና፣ መሰላል፣ ዝሆን፣ ጫማ፣ ክረምት፣ ሳጥን፣ ወንዝ፣ ማንኪያ። የመጨረሻዋን ከሁሉም አስበልጣ ነው የምትጮኻት። ቦርሳው ውስጥ ያለው አሥራ አንድ ዶላር ብቻ ነው፣ ምን ያደርግልሻል ስላት፣ «ድንገት በገበያው በኩል ቢያልፍ እኔ አላየውም፤ እሱ ይስማኝ» አለች። አሁን በዚህች ደቂቃ አንድ የባሕር መንሸራተቻ የያዘ ፈረንጅ ቆሞ በተሰባበረ ስፓኒሽ ማንኪያው ስንት ነው አላት። ቅርጫቷን ከፍቶ ማንኪያ ይፈልጋል።

«ማንኪያው የተሸጠ ነው» አለችው። «ባለቤቱ መጥቶ ይወስደዋል።»